ሦስተኛው ወንበር

«ዝቋላ ልንሄድ ነው» ባልኩ ቁጥር የማገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «የአቦ ንግሥ ደረሰ እንዴ?» ለአዲስ አበባ ሰው ዝቋላ ማለት ከቢሾፍቱ ወዲያ ጉብ ብሎ የሚታየው፣ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት ተራራ ነው። የእናቴ ዝቋላ ግን ሌላ ነው። ከሰቆጣ ወዲያ፣ አገሩ ወደ ተከዜ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር የሚገኝ የዋግ ኽምራ ወረዳ ነው፤ ከተማው ጽጽቃ ይባላል። የቢሾፍቱውን ዝቋላ ማልዶ ወጥቶ፣ ተሳልሞ፣ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። የእናቴ ዝቋላ ለመድረስ ግን ሦስት ቀን መንገድ፣ ደህና መኪናና አንድ ከባድ ውሳኔ ያስፈልጋል። ውሳኔውም ሦስተኛው ወንበር ይነሣ ወይስ ይታጠፍ የሚል ነው።

ትስቁ ይሆናል። እኔም እስከ ጥር 2011 ዓ.ም. ድረስ እስቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ እህል በረንዳ ውስጥ ጤፍና ስንዴ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። በ2009 ዓ.ም. ዕቁቡም፣ ብድሩም፣ የሚስቱ ወርቅም ተረባርበው አንድ ነጭ ፕራዶ ገዙለት። ያገለገለ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 2010 የተሠራ፣ በናፍጣ የሚሄድ፣ ባለ ሦስት ረድፍ ወንበር። መኪናው ግቢ የገባ ዕለት ጎረቤት ተሰብስቦ አንዱ ሞተሩን፣ ሌላው ዳሽቦርዱን ሊያደንቅ ሲል አጎቴ ማንንም ወደ ፊት አላስጠጋም። «ኋላውን እዩልኝ!» እያለ ስኮርታ ጎማ የተሸከመውን የኋላ በር ወደ ጎን በረገደው። ሦስተኛውን ወንበር ወደ ወለሉ አጠፈው፤ መልሶ አነሣው፤ እንደገና አጠፈው። ሊብሬው ላይ ሰባት ሰው እንደሚጭን የተጻፈውንም ጮክ ብሎ አነበበልን።

«ሰባት ሰው ከነጓዙ!» አለ።

«ከነጓዙ» የምትለዋ ቃል ሊብሬው ላይ አልነበረችም። አጎቴ ከራሱ የጨመራት ናት። የዚህ ጽሑፍ ጣጣም የሚጀምረው ከእሷ ነው።

በዚያው ሰሞን የአጎቴ ልጅና እኔ ሰው ሳያየን ኋላውን በስንዝር ለካነው። ሦስተኛው ወንበር ሲነሣ ከጀርባው እስከ በሩ ያለው ቦታ ሁለት ስንዝር እንኳ አይሞላም። ሁለት ፌስታል፣ አንድ ጃንጥላ፣ ምናልባት የቡና ረከቦት ቢገባ ነው። ወንበሩ ሲታጠፍ ግን ጉድ ነው! ወለሉ ሜዳ ይሆናል። እናቴ ብታየው ኖሮ አልጋ ትዘረጋበት ነበር።

ነገር ግን ቦታ መኖሩና መሸከም መቻሉ የተለያየ ነገር ነው። ይህን ያስረዳኝ ጋራዥ የሚሠራ አንድ ወዳጃችን ነው። መኪናው ባዶውን፣ እንደ ሞዴሉ ትንሽ ቢለያይም፣ ወደ 2,300 ኪሎ ይመዝናል። አምራቹ ደግሞ ከነሰዉ፣ ከነዕቃው፣ ከነጣሪያው ጭነት ድምሩ ከ2,990 ኪሎ እንዳያልፍ ይላል። የሁለቱ ልዩነት፣ በእህል በረንዳ ቋንቋ፣ ሰባት ኩንታል አይሞላም። እንግዲህ ሰውም ጭነት ነው። ሰባት ሰው በሰባ ሰባ ኪሎ ብናስበው 490 ኪሎ ይሆናል። ሁለት ኩንታል ያህል ለዕቃ ተረፈ ማለት ነው፤ ግን ወንበሩ ስለተነሣ ማስቀመጫ የለውም። ወንበሩን አጥፈን አምስት ሰው ብንሄድ ሰዉ 350 ኪሎ ይወስዳል፤ ለዕቃ ሦስት ኩንታል ተኩል እንኳ አይተርፍም፣ የተከፈተው ሜዳ ግን ስድስቱን ኩንታል «ኑ ግቡ» ይላል። ቦታ ሲኖር ክብደቱ ያልቃል፤ ክብደት ሲተርፍ ቦታው የለም። ይህ የፕራዶ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ባለ ሦስት ረድፍ የቤተሰብ መኪና ሁሉ ጠባይ ነው።

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ዘመዳችን ሃይላንደር የሚባለውን ቶዮታ ይነዳል። የ2020 ሞዴል ነው። የእሱ ከሦስተኛው ወንበር ኋላ 450 ሊትር ያህል ቦታ አለው፤ ሁሉም ወንበር ሲታጠፍ ከ2,300 ሊትር ያልፋል። ፍሬን ያለው ተጎታች ቢቀጠልለት ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ እንደሚጎትትም ነግሮኛል። «ታዲያ ምን ትጭንበታለህ?» ብለው «የልጅ ጋሪና የሳምንት አስቤዛ» አለኝ። የተረፈውን ቦታ ምን እንደሚያደርገው አልነገረኝም። የእኛ ሰው ግን ባዶ ቦታ ሲያይ አያስችለውም።

አጎቴ በተለይ አያስችለውም። ለዚህም ምክንያት አለው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከዝቋላ ተነሥተው እርዳታ ፍለጋ ኮረም ከወረዱት አንዱ ነው። «ኮረም በእግሬ ገብቻለሁ» ይላል፤ ስንቴ እንደሰማነው እግዜር ይወቀው። ምግብ ስንተው፣ መብራት ሳናጠፋ ስንወጣ፣ ታክሲ ጠፋ ብለን ስናማርር፣ ሁልጊዜ «እኔ ኮረም በእግሬ የገባሁ ሰው ነኝ» ትመጣለች። ስለዚህ ወደ አገር ቤት ባዶ መኪና መንዳት ለእሱ ኃጢአት ነው።

ጥር 2011 ዓ.ም. የአያቴ ሙት ዓመት ነበር። ጭነቱ ይህን ይመስላል፦ ጤፍ አንድ ኩንታል፣ ስኳር 50 ኪሎ፣ ዘይት ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን፣ ጌሾ፣ በርበሬና ቡና ተደምሮ 45 ኪሎ ያህል፣ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት፣ አንድ ቁልል ብርድ ልብስና ልብስ፣ የራሳችን ሻንጣ፣ በዚህ ሁሉ ላይ ፖርቶመጋላው ላይ የታሰረ ሃያ ቆርቆሮ፤ የእማሆይ ቤት ክዳን ያፈስሳልና። እማሆይ የምላቸው አያቴን ነው፤ ባላቸው ሳይሞት ነው የቆቡት። እኔ በወረቀት ደምሬ ጭነቱ ከሚፈቀደው አንድ ኩንታል ያህል ማለፉን ነገርኩት። «ለጣሪያው ብቻ እንኳ ፋብሪካው ብዙውን ጊዜ ከ100 ኪሎ በላይ አይፈቅድም» አልኩ።

«ልጄ፣ ቶዮታ ነው እንጂ አህያ አይደለም!» አለኝ። ጎማውንም ነፋስ አስጨምሮ አስደነደነው።

አሁን የቀረው ሰው ነው። አጎቴ፣ ሚስቱ፣ እናቴ፣ የአጎቴ ልጅና እኔ አምስት ሞላን። ታናሽየዋ አክስቴ ከስድስት ዓመት ልጇ ጋር ቀረች። ሦስተኛው ወንበር ቢነሣ ኖሮ ለሁለቱ ይበቃ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ግን ጤፍና ስኳር ተኝቷል። አጎቴ በሸንጎ ቃል «አንቺ ከልጅሽ ጋር በአውቶቡስ ነይ፤ ትኬቱን እኔ እቆርጥልሻለሁ» አላት።

አክስቴ በ1977 የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ኮረም የገባችው በእናቷ ጀርባ ነው። ሳቅ አለችና «በሰባ ሰባትስ ተሸክመውኝ ነበር፤ ዘንድሮ ለስኳር ቦታ ልልቀቅ» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ወደ ኋላ ሳስበው፣ ሳቁን የጀመረችው እሷ ብትሆንም ቀድማ ያቆመችውም እሷ ነበረች።

* * *

ከአዲስ አበባ ወልድያ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው ኋላው ተጭኖት ቁጢጥ ብሏል። ኋላው ሲቀመጥ ፊቱ ቀና ይላል፤ ፊቱ ቀና ሲል መብራቱ መንገዱን ትቶ ሰማይ ያያል። ገና ሳይነጋ ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራት እያርገበገበ ይሰድበናል፤ አጎቴ ደግሞ «ምን ሆነዋል?» ይላል።

ጣርማ በር ስንደርስ ቀልዱ አበቃ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ተነሥቶ በደብረ ሲና አድርጎ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ የጫነውን ሁሉ ይመረምራል። ሽቅብ ሲሄዱ ክብደቱን የሚከፍለው ሞተሩ ነው፤ ቁልቁል ሲወርዱ ግን ፍሬኑ ነው የሚከፍለው። አጎቴ ፍሬኑን ረግጦ ረግጦ የተቃጠለ ሽታ መኪናውን ሲሞላው፣ መንገድ ዳር የቆመ አንድ የአይሱዙ ሾፌር አስቆመን። ጎማዎቹን ዞር ዞር ብሎ አየና «ጋሼ፣ እግርዎን ያሳርፉት። በወጡበት ማርሽ ይውረዱ» አለው። ሌላም አልጨመረ። ግማሽ ሰዓት ቆመን አቀዘቀዝነው። ከዚያ ወዲያ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እያቃሰትን ወረድን።

አንድ ኬላ ላይ ትራፊክ አስቆመንና መኪናውን ዞሮ ዞሮ፣ ቆርቆሮውን ሽቅብ አይቶ፣ «ይሄ የቤት መኪና ነው ወይስ የጭነት?» አለ። አጎቴ «የቤተሰብ ጭነት ነው» አለው። ትራፊኩ ሳቀ፤ ለሳቁ ስንል ቆርቆሮውን እንደገና አጥብቀን አሰርን።

ወልድያ አድረን በጋሸና በኩል ላሊበላ፣ ከላሊበላ በማግስቱ ወደ ሰቆጣ ተነሣን። ሰቆጣ ስንቃረብ አጎቴ እንደ ልማዱ ስለ ዋግሹሞች ያወራ ጀመር። ዛጉዬዎች በ13ኛው መቶ ዘመን መንግሥቱን ለይኩኖ አምላክ ሲለቁ፣ የዋግ ገዥዎች በንጉሥ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ መብት ቀረላቸው ይባላል። ሌላው መኳንንት ሲቆም ዋግሹም ይቀመጣል። «ዋግ ወንበር ያወቀችው ከቶዮታ በፊት ነው!» አለ። እናቴ ከኋላ ሆና «እሱስ ልክ ነህ፤ እህትህን ግን አላስቀመጥሃትም» አለችው። መኪናው ውስጥ ዝም ተባለ።

ሰቆጣም ዱሮ የጭነት ከተማ ነበረች። ከአፋር ሜዳ የተቆረጠው አሞሌ ጨው በግመልና በበቅሎ፣ በአህያም ጀርባ እየተጫነ በትግራይ በኩል አድርጎ የሚገባባት ትልቅ ገበያ ናት፤ አሞሌው እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር። የጨው ነጋዴ ሁለት ሕግ አለው፤ የእማሆይ አባት ከነጋዴዎቹ አንዱ ስለነበሩ ከእሳቸው ሰምቼዋለሁ። አንደኛው ግራና ቀኙ እኩል ይሁን ነው። ሁለተኛው፣ ጫኙ ራሱ በክንዱ ሳያነሣ የከብቱ ጀርባ ላይ አያስቀምጥም። የከበደው ለጫኙ ከሆነ ለተሸካሚው እንዴት እንደሚሆን ይወቅ ተብሎ ነው። በመኪና ዘመን የጠፋው ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል። እኛ እህሉን በወዛደር አስጭነን ራሳችን ጋቢና ገባን።

ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ የሚወስደው ኮረኮንች ላይ ነው እጆቹ የጀመሩት። በዚያ መንገድ መኪና በየሰዓቱ አያልፍም። ስለዚህ ከሩቅ አቧራ የታየ እንደሆነ ሰው ከጥላው ተነሥቶ መንገድ ዳር ይቆምና እጁን ያነሣል። አንድ ቄስ በመቋሚያቸው ምልክት ሰጡን። ደብተር የያዙ ሁለት ልጆች ሮጡልን። ፍየል የሚጎትት ሰውዬ፣ ፍየሏን እንደማንወስድለት ሲገባው፣ ብቻውን ጠቆመ። ጃንጥላ የያዘች እርጉዝ ሴትና አንዲት አሮጊት ደግሞ ዝም ብለው ቆመው አዩን። አጎቴ ለሁሉም ጣቶቹን ሰብስቦ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ «ጢም ብሏል» የሚለውን ምልክት ያሳያል። እውነቱን ነው፤ ጢም ብሏል። ከመስታወቱ ጀርባ ግን የሚታየው ሰው አልነበረም፤ ስኳር ነበር።

አንድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ፒክአፕ አሸዋ ይዞት አገኘን። እዚህ ላይ ያ ሁሉ ክብደት ጠቀመ። ጎማ መሬት የሚቆነጥጠው ከላይ የሚጫነው ሲኖር ነው፤ አጎቴ ከባዱን ማርሽ አስገብቶ በገመድ ሲስበው ፒክአፑ እያቃሰተ ወጣ። ሰዎቹ መረቁን። አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ «አየሽ? ቶዮታ!» አለ። ከጣርማ በር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለው።

* * *

እማሆይ በራፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ጉልበት ተሳመ፣ ተለቀሰ፣ ከዚያ ማውረድ ተጀመረ። ጤፉ ወረደ፣ ስኳሩ ወረደ፣ ዘይቱ ወረደ፣ ቆርቆሮው እየተንኳኳ ወረደ። ጎረቤቱ ሁሉ «እሰይ! እሰይ!» ይላል። እማሆይ ግን መኪናው ውስጥ አንገታቸውን አስግገው የሚወርድ ሰው ይጠብቃሉ።

«ታናሽየዋስ?» አሉ።

«በአውቶቡስ እየመጣች ነው፣ እማዬ። ነገ ትገባለች። ቦታ ስላልነበረ ነው» አለ አጎቴ።

«ቦታ ስላልነበረ» አሉና የተቆለለውን ዕቃ አዩት። ሌላ ምንም አልተናገሩም።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን አጎቴ ለልጁ ስለ ሰባ ሰባት ያወራው ጀመር። «ከዚህ ተነሥቼ ኮረም በእግሬ…» ሲል እማሆይ በቀስታ አቋረጡት።

«በእግርህስ አልገባህም፣ ልጄ።»

ሁላችንም ቀና አልን።

«ሁለት ቀን ሄደሃል። በሦስተኛው ወደቅህ» አሉ። «አንዲት አህያ ነበረችን። አባትህ ማረሻውንና ቀንበሩን ጭኖባት ነበር፤ እኔም መጄንና ቁርበቱን ጨምሬ። አባትህ ‹ተመልሰን ስንመጣ በምን እናርሳለን?› ብሎ ማረሻውን ጥሎ አልሄድ አለ። እኔ ልጅቷን አዝያለሁ። እሱ ደክሞታል። አንተ መሬት ላይ ተኝተህ አትነሣም። መጫኛውን ፈታሁት። ሁሉን ከአንድ ዋርካ ሥር አወረድኩና አንተን ጫንኩህ። አባትህ አለቀሰ። ለማረሻው ይሁን ላንተ አልጠየቅኩትም።»

እሳቱን ቆሰቆሱት።

«ስንመለስ ከዋርካው ሥር ምንም አልነበረም። ይሁን እንጂ ማረሻም ተገኘ፤ መጅም ተገኘ። ከአህያዋ የወረደው ሁሉ ቆይቶ ተገኘ።»

አጎቴ አልመለሰም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በቆየ ትዝታ ውስጥ ራሱን ሲያይ የኖረው በእግሩ ሲሄድ ነው። ጭነት እንደነበር፣ ለእሱ ቦታ ሌላ ጭነት እንደወረደ፣ የነገረው አልነበረም። ወይም ተነግሮት ረስቶት ነበር። «ቶዮታ ነው እንጂ አህያ አይደለም» ያለው ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ።

አክስቴ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ልጇን አቅፋ፣ አቧራ ለብሳ፣ በአይሱዙ ጭነት አናት ላይ ተቀምጣ ገባች። «መኪናው ሰፊ ነው፤ እግሬን ዘርግቼ መጣሁ!» አለች። ማንም አልሳቀም።

* * *

ሙት ዓመቱ በደህና አለፈ። ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን አጎቴ ኋላውን እንደገና ሞላው፦ ሁለት ማሰሮ ማር፣ እግራቸው የታሰረ ሁለት ሙክት ፍየሎች፣ እማሆይ የሰጡን ጓያና ማሽላ። ሦስተኛው ወንበር እንደታጠፈ ነው። አክስቴም አልጠየቀች፤ እኛም አላነሣነውም።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። ስንወጣ በባትሪ ብርሃን ቃሬዛ የተሸከሙ ስምንት ያህል ሰዎች ቆመዋል። አራቱ ተሸክመዋል፤ አራቱ ለመለወጥ ነው የመጡት። ቃሬዛው ላይ ያለችው ወጣት ሴት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ሌሊቷ ነው። አብራት ያለችው የጤና ሠራተኛ ሰቆጣ ሆስፒታል መድረስ እንዳለባት ነገረችን። የወረዳው አምቡላንስ ለሌላ ወላድ ወደ ሩቅ ቀበሌ ወጥቷል፤ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። «መኪና መጥቷል ሲሉ ሰምተን ነው» አሉ።

አጎቴ አንድ ቃል ሳይናገር የኋላውን በር ከፈተ። ማሰሮዎቹን ራሱ አወረደ። ፍየሎቹን ራሱ አወረደ። ማሽላውን በክንዱ አንሥቶ ግድግዳው ሥር አስቀመጠ። ከመካከለኛው ረድፍ ግማሹን አጠፈ፤ ከኋላ በር እስከ ጋቢናው ጀርባ ድረስ ወለሉ ረዘመ፤ ከአንድ ሰው ቁመት ትንሽ ቢያንስ ነው። ከአዲስ አበባ ባመጣናቸው ብርድ ልብሶች ላይ አስተኛናት። አማቷና የጤና ሠራተኛዋ የቀረው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ወለሉ ላይ ጭንቅላቷን ይዤ ተቀመጥኩ። አክስቴ «ቋንቋ ያስፈልጋችኋል» ብላ ጋቢና ገባች፤ አማቷ ከኽምጣኛ በቀር አትሰማም፣ እኔ ደግሞ የአያቴን ቋንቋ አልችልም።

ገና ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ ሴትዮዋ ጮኸች። ባዶ መኪና በኮረኮንች ላይ ይዘላል፤ ሞላው የተሠራው ለክብደት ነውና ክብደት ሲያጣ ይፈነጥራል። ጎማውም ለጤፉ ተብሎ የደነደነ ነው። አጎቴ ቆመ፤ ወርዶ በክብሪት እንጨት የአራቱንም ጎማ ነፋስ አስተነፈሰ። በጨለማው ውስጥ «ጢስስስ…» የሚለውን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። ለስኳሩ የነፋነውን ለእሷ አስተነፈስንላት። ከዚያ በኋላ መኪናው ለስለስ አለ። አጎቴ እያንዳንዱን ድንጋይ እየለየ፣ ሰው በእግሩ ከሚሄደው ትንሽ ፈጠን ብሎ ነዳ።

እጄን ይዛኛለች። አማቷ በኽምጣኛ ያለማቋረጥ ታንሾካሹካለች፤ ጸሎት መሰለኝ። አክስቴን «ምን ትላለች?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ባለፈው ክትትል ደርሰን ስንመለስ በእግራችን ነው የገባነው፤ መኪና ሁሉ ሞልቶ ነበር፤ ያኔ ነው የጎዳት ትላለች» አለችኝ።

ጃንጥላ የያዘችው እርጉዝ ሴት እሷ ትሁን ሌላ፣ ያቺ አሮጊት ይህቺ ትሁን ሌላ፣ አላወቅኩም። ፊታቸውን አቧራችን ሸፍኖት ነበር። ቀኑን ልጠይቅ አልደፈርኩም። አጎቴን በመስታወቱ አየሁት፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር።

ጠዋት ሰቆጣ ገባን። ቀትር ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። እናትየዋም ተረፈች።

ማታ ከሆስፒታሉ በር ላይ አጎቴ ወለሉን በውኃ ሲያጥብ አገኘሁት። ሲጨርስ ሦስተኛውን ወንበር አነሣው። ከአዲስ አበባ ከወጣን መነሣቱ የመጀመሪያው ነው። በማግስቱ ወደ ዝቋላ ስንመለስ እጅ ባየ ቁጥር ይቆም ጀመር። ልክ ሰባት ስንሆን መኪናው ሞላ። ከዚያ በኋላ ስምንተኛው እጅ መጣ፤ አንድ ሽማግሌ ናቸው። አጎቴ አላሳለፋቸውም። ቆመ፣ መስታወቱን አወረደ፣ «አባቴ፣ ሞልቷል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው። ሽማግሌውም ወደ ውስጥ አዩ፤ ሰው መሆኑን አዩና «እግዜር ያግባችሁ» አሉ።

መኪና ሁሉን አይጭንም። ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና የሚለው ቁጥር ለደግም ለክፉም አይጨምርም። ስምንተኛው እጅ ሁልጊዜም አለ። ነገር ግን ማሽላ አይቶ መቅረትና ሰው አይቶ መቅረት አንድ እንዳልሆነ የሽማግሌው ፊት ነግሮኛል።

* * *

ከዚያ ወዲህ ያ መንገድ ብዙ አይቷል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰቆጣ ድረስ ዘለቀ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዝናብ ቀርቶ ድርቅ ዋግን ሲመታ ዝቋላ ከተጎዱት ወረዳዎች አንዷ ነበረች። እማሆይ አርፈዋል። ለቀሩት ዘመዶቻችን የምንልከው በባንክ ነው። ገንዘብ ክብደት የለውም፤ ፍሬን አያቃጥልም፤ ቦታ አይዝም። አጎቴ ግን ብሩን በላከ ቁጥር ደስ አይለውም። «ብር ምጥ የያዛትን አያደርስም» ይላል። «ኮረም በእግሬ ገባሁ» የምትለውን ግን ከዚያ ጥር ወዲህ ከአፉ አልሰማናትም።

ፕራዶው አሁንም አለ፤ አርጅቷል። ሦስተኛው ወንበር እንደተነሣ ነው። አጎቴ ዕቃ ሲበዛ አይሱዙ ይከራያል። ከዝቋላ ስንመለስም እንዲሁ ሰባት ሆነን ነበር፤ አክስቴና ልጇ ኋላ፣ ከጀርባቸው ባለችው ሁለት ስንዝር ውስጥ አንድ ማሰሮ ማር። ፍየሎቹ ዝቋላ ቀሩ።

እውነት ለመናገር ሦስተኛው ወንበር ለትልቅ ሰው አልተሠራም። ባለፈው ሰኔ ለዘመድ ሠርግ አዳማ ስንወርድ አክስቴ እዚያው ቦታዋ ላይ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ተቀምጣ ነበር። «አይሱዙው ይሻለኝ ነበር!» እያለች እስከ ሞጆ ታማርራለች። አጎቴ ከፊት ሆኖ በመስታወቱ ያያትና ዝም ይላል።

ለሠርጉ የተገዛው አምስት ኪሎ ስኳር ጭኗ ላይ ነበር።